ትንፋሽሽ የት ሄደ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከዓመታት በፊት የተጠየቅኩትን አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ዮጋ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ገደማ ነው። እግር ዘርግቶ ተቀምጦ፣ ከወገብ ጎንበስ ብሎ የእግር ጣት መያዝ አለ አይደል? ፓስቺሞታናሳና ይሉታል። አጠገቤ ያለችው ልጅ ግንባሯ ጉልበቷ ላይ አርፏል። እኔ ጣቴ ላይ ለመድረስ አንድ ስንዝር ይቀረኛል። እልህ ያዘኝ። ጥርሴን ነክሼ ሳብኩ። ጣቴን ያዝኩት፤ ከጭኔ ኋላ ግን የሆነ ነገር ቷ አለ። አስተማሪዋ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "ትንፋሽሽ የት ሄደ?" አለችኝ።

ለካ ትንፋሼን ውጬው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ጭኔ ሳምንታት ፈጅቶ ዳነ። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም።

ዮጋ የሳንስክሪት፣ የጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ፣ ቃል ነው። ሥሩ "ዩጅ" ነው፤ መጥመድ ማለት ነው፣ በሬ እንደሚጠመደው። ይህን ስሰማ አያቴ ትዝ አሉኝ። ሲያርሱ እያየሁ ነው ያደግኩት። ጥንዱ በሬዎች ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ይጎተታል። ቀንበሩ ይዛነፋል፣ ትልሙ ይወላገዳል። አያቴ ታዲያ የዘገየውን ከመግረፍ የሚቸኩለውን መግታት ይመርጡ ነበር።

የኔ ሐሳብ ያ የሚቸኩለው በሬ ነው። እኔ ገና ጎንበስ ስል እሱ ጣቴን ይዞ ጨርሷል። ሰውነቴ ደግሞ በተለይ ጠዋት ቀስ ይላል። ሁለቱ ላይ የተጫነው ቀንበር ትንፋሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

በነገራችን ላይ የሕንድ ዮጋ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረው እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደ ስብሰባ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016። የገዳ ሥርዓታችንም በዚያው ስብሰባ ነው የተመዘገበው። ደስ ይለኛል ይሄ ነገር።

ለምን ትንፋሽ? ልባችሁን "ቀስ ብለህ ምታ" ብትሉት አይሰማችሁም። ትንፋሽ ግን ተኝታችሁም በራሱ ይሄዳል፣ ስትፈልጉም ትመሩታላችሁ። አየር ስታስገቡ ልብ ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ስታስወጡ ረገብ ይላል። ይህን የሚያደርገው በዋናነት ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ስለዚህ የሚወጣውን ትንፋሽ ስታስረዝሙ ልባችሁን በጓሮ በር ገብታችሁ ታረጋጉታላችሁ። አማርኛችንም ያውቀዋል። "እፎይ" በሉ እስቲ። ቃሉ ራሱ ረጅም ትንፋሽ ነው።

የጥንቱ የሕንድ ሊቅ ፓታንጃሊ ከ1,500 ዓመት በላይ በሆነው፣ "ዮጋ ሱትራ" በሚባለው ጽሑፉ ስለ አቀማመጥ የተናገረው በጣም ጥቂት ነው፤ የጸና ይሁን፣ የተመቸ ይሁን ይላል። ሁለቱም በአንዴ! የጦረኛው አቋቋም ላይ ስሆን ይህ ቀላል አይደለም። የፊት ጉልበት ታጥፏል፣ ክንዶች ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። አራተኛው ትንፋሽ ላይ ጭኔ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ድሮ ቢሆን ጥርሴን እነክስ ነበር። አሁን አዳምጣለሁ። ትንፋሼ እኩል እየገባ እየወጣ ከሆነ፣ ይንቀጥቀጥ፣ እቆያለሁ። ከተቆራረጠ ጉልበቴን ትንሽ ቀና አደርገዋለሁ። ማንም አይቶ ላይለየው ይችላል። እኔ ግን ውስጤ ሲላላ ይሰማኛል።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያችኑ የድሮዋን አቀማመጥ ሠራሁ። ጉልበቴን ትንሽ አጠፍኩ፣ ከሥሩ የተጠቀለለ ፎጣ አስገባሁ፣ አምስት ትንፋሽ ልቆጥር ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ሐሳቤ የቤት ኪራይ ጋ ደርሷል። ትንፋሼን ፈለግኩት። ጀርባዬ በኩል፣ ከጎድን አጥንቶቼ ሥር ቀስ እያለ ሲነፋ አገኘሁት። ጣቴ ጋ ለመድረስ ዛሬም አንድ ስንዝር ይቀረኛል። ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።