ላይፍ ባር የሌለው ድብድብ፦ ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ አልቲሜት የሚያዝናናው በምኑ ነው?

[ምስል፦ የስክሪኑ የታችኛው ክፍል በቅርበት። ከማሪዮ ፊት አጠገብ ያለው ቁጥር ከ0 ተነስቶ 47፣ 83፣ 126 ይደርሳል፤ ቀለሙም ከነጭ ወደ ቀይ ይለወጣል።]

ተራኪ፦ ይህን ቁጥር ልብ በሉት። ሌላ የድብድብ ጨዋታ ቢሆን እዚህ ቦታ የምታዩት እየተመናመነ የሚሄድ ላይፍ ነበር፤ አለቀ ማለት አለቀልህ ማለት ነው። እዚህ ግን ቁጥሩ በተመታችሁ ቁጥር ይጨምራል፤ 126 የደረሰው ማሪዮም ገና አልተሸነፈም። የሚወድቀው በግራም ሆነ በቀኝ፣ በላይም ሆነ በታች ከስክሪኑ ውጭ ያለውን የማይታይ ድንበር ሲያልፍ ብቻ ነው። ፐርሰንት የሚባለው ይህ ቁጥር የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ ቀጣዩ ምት ምን ያህል እንደሚያስወነጭፈው።

[ምስል፦ የ1999 የመጀመሪያው ጨዋታ አሮጌ ቀረጻ፤ አራት ተጫዋቾች አንድ ስክሪን ላይ።]

ተራኪ፦ ሐሳቡ የጨዋታ ዲዛይነሩ የማሳሂሮ ሳኩራይ ነው። እሱና ፕሮግራመሩ ሳቶሩ ኢዋታ ሃል ላቦራቶሪ በሚባለው የጃፓን ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ውስጥ የሠሩት የሙከራ ጨዋታ “ድራጎን ኪንግ” ይባል ነበር፤ ማሪዮም ፒካቹም አልነበሩበትም። መጀመሪያ የተወሰነው ሕጉ ነው፦ አራት ሰው በአንዴ ይጫወት፣ ላይፍ ባር ይቅር። ዝነኞቹ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1999 ለኒንቴንዶ 64 ሲወጣ 12 ተዋጊዎች ነበሩት፤ በዲሴምበር 2018 ለኒንቴንዶ ስዊች የወጣው አልቲሜት ደግሞ በኦክቶበር 2021 የመጨረሻው ተዋጊ ሶራ ሲጨመርበት 89 ደርሷል። ከየጨዋታው ዝነኛ እየለቃቀመ የሚሰበስብ ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህን ቅደም ተከተል ሲገለብጠው ነው፤ ፊቱን ይሰበስብና ሁሉንም አንድ ዓይነት ቡጢ ያስመታቸዋል።

[ምስል፦ ባውዘርና ፒቹ ጎን ለጎን፤ ከራሳቸው በላይ 135 እና 62።]

ተራኪ፦ ሕጉ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ በክብደት እንየው። ማሪዮ 98 ነው። ከሁሉም የሚከብደው ባውዘር 135፣ ከሁሉም የሚቀለው ፒቹ 62። ጨዋታው ግፊቱን፣ ማለትም ምቱ የሚያስወነጭፍበትን ኃይል፣ ሲያሰላ ክብደቱ ላይ 100 ይደምርና 200ን ለዚያ ያካፍላል፤ ለባውዘር 0.85 ገደማ፣ ለፒቹ 1.23 ገደማ ይመጣል። እኩል ፐርሰንት ላይ አንዱን ምት ሁለቱም ቢቀምሱት፣ ከክብደት ጋር የሚባዛው የግፊቱ ክፍል ለፒቹ በ45 ከመቶ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። ባውዘር ግን ይህን በነፃ አላገኘውም፤ ገላው ሰፊ ስለሆነ ፈጣን ተዋጊ ሲያገኘው ኮምቦ፣ ማለትም ተከታታይ ምት፣ ይቆጠርበታል።

አንድ ቁልፍ ብቻ የሚቀጠቅጥ ሰውም አይጠፋም። ለእሱም መላ ተበጅቶለታል፦ ያረፉት የመጨረሻ 9 ምቶች ይመዘገባሉ፣ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የተደጋገመ ምት ጉዳቱም ግፊቱም ይቀንሳል። ነገሩ የገባው ተጫዋች አውጥቶ የሚጥልበትን ምት እስከ 100 እና 120 ፐርሰንት ድረስ ቆጥቦ ያስቀምጠዋል።

[ምስል፦ የጋሻው ክብ እየጠበበ ሲሄድ፤ በመጨረሻ ሲሰበር።]

ተራኪ፦ ጋሻ ምት ያቆማል፣ መያዝ ጋሻን ያልፋል፣ ምት ደግሞ ለመያዝ የመጣውን ይቀድማል። ጋሻው 50 ነጥብ አለው፤ ማንም ሳይነካችሁ እንኳ ይዛችሁት ብትቆሙ በእያንዳንዱ ፍሬም (የስክሪኑ አንድ ምስል) 0.15 ይቀንሳል። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም ስለሚሄድ አምስት ሰከንድ ተኩል ገደማ ላይ ይሰበርና ፈዛችሁ ትቆማላችሁ። ጋሻውን መልቀቅ ራሱ 11 ፍሬም ይፈጃል። ጀማሪ “ተከላከልኩ፣ ታዲያ ለምን ተመታሁ?” የሚለው እዚህ ጋ ነው፤ ለቆ ለመምታት ሲል ሌላኛው ቀድሞት ጨርሷል። ጋሻውን የለቀቃችሁበት የመጀመሪያ 5 ፍሬም ውስጥ ምቱ ካረፈ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ቀዳሚው ተከላካዩ ነው።

[ምስል፦ ስሎው ሞሽን። ማሪዮ 110 ላይ ተመትቶ ከስቴጁ (ከመፋለሚያው መድረክ) በግራ በኩል ይወጣል።]

ተራኪ፦ አሁን የጨዋታው ጣዕም ወዳለበት ቦታ መጣን። ማሪዮ ሲመታ ተጫዋቹ የመቆጣጠሪያውን ስቲክ ወደ ላይና ወደ ስቴጁ አዘንብሎ ከያዘ የሚበርበት መስመር ይታጠፋል፤ ተጫዋቾች ዲአይ ይሉታል። ስቲኩን የለቀቀ ሰው በሚሞትበት ምት፣ የያዘው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ተርፎ አየር ላይ ሲሆን በእጁ የቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሁለተኛው ዝላይ፣ አንድ የአየር ማምለጫና ወደ ላይ የሚወስደው ልዩ ምት። ጀማሪ ይደነግጥና ዝላዩን ወዲያው ያቃጥላል። አጥቂውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ የት እንደሚመጣ አወቀ፣ ዘሎ ይወጣና እዚያው አየር ላይ ይጨርሰዋል። ልምድ ያለው ዝላዩን እንደያዘ ይወርዳል። ዝላይ ያለው ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

[ምስል፦ የስቴጁ ጠርዝ በቅርበት፤ የማሪዮ ጓንት ጠርዙን ሲነካ ቀረጻው ይቆማል።]

ተራኪ፦ ጠርዙን ያዘ። አላበቃም! ሲይዝ 2 ፍሬም ያህል ለምት ክፍት ነው፤ ይህ 33 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ገምቶ እንጂ አይቶ የሚደርስበት የለም። ያ ካለፈ አጭር ከለላ ያገኛል። ከዚያ ለመውጣት ዝም ብሎ መነሳት፣ መንከባለል፣ መዝለል ወይም እየመታ መውጣት ይችላል፤ አጥቂው ደግሞ አራቱንም በአንዴ መሸፈን አይችልም። ጠርዙን ለቆ መሬት ሳይነካ መልሶ ቢይዘው ከለላው የለም፣ ተንጠልጥሎ ጊዜ መግደል አያዋጣም። ሶፋ ላይ የተቀመጠው ተመልካች የሚጮኸው በዚህች ቅጽበት ነው፤ 110 ላይ ያለው ሰው ተመልሶ መጥቶ ሊያሸንፍ ይችላልና።

[ምስል፦ ርዩ፣ ሚን ሚንና ስቲቭ በየተራ።]

ተራኪ፦ እንግዶቹ በዚህ ሕግ ላይ የራሳቸውን ጠባይ ይዘው ይመጣሉ። የስትሪት ፋይተሩ ርዩ በራሱ ጨዋታ እንደለመደው ወደ ታች፣ በሰያፍ ወደ ታችና ወደ ፊት፣ ወደ ፊት፣ ከዚያ ቡጢ ብትሉት ሀዱከኑ (የሚወረውረው የኃይል ኳስ) በአንድ ቁልፍ ከሚወጣው ይጠነክራል፤ አንድ ለአንድ ሲሆንም ፊቱን ከተቃዋሚው አያዞርም። አርምስ ከሚባለው ጨዋታ የመጣችው ሚን ሚን አንዱን ክንዷን በመምቻ ቁልፍ፣ ሌላውን በልዩ ምት ቁልፍ ታንቀሳቅሳለች። የማይንክራፍቱ ስቲቭ መሬት ቆፍሮ እንጨት፣ ድንጋይ፣ ብረት ያወጣል፣ መሣሪያው ሲሰበር ሌላ ይሠራል፤ ብሎክ እየደረደረ መንገድ ይዘጋባችኋል። በእኔ ዓይን ስቲቭ ላይ መስመሩ ታልፏል፤ አንዳንድ ውድድሮችም እስከ ማገድ ደርሰዋል።

[ምስል፦ የሕግ መምረጫ ገጽ።]

ተራኪ፦ ያው ጨዋታ በተሳሳተ ሕግ ሲጫወቱት ይሰለቻል። ውድድር ላይ የተለመደው 3 ነፍስ፣ 7 ወይም 8 ደቂቃ፣ ጨዋታው መሀል ሜዳ ላይ የሚወድቅ ዕቃ የለም፣ የስቴጅ አደጋዎች ጠፍተው፣ እንደ ባትልፊልድና ስማሽቪል ያለ ስቴጅ ነው። ለሁለት ሰው ድንቅ ነው። አራት ሆናችሁ ቤት ውስጥ ስትጫወቱ ግን ነፍስ አትቁጠሩ፤ መጀመሪያ የወጣው፣ ብዙ ጊዜም ያው ጀማሪው፣ እጁን አጣጥፎ ሌሎቹን ይጠብቃል። ፕሌይስቴሽን ቤት ተሸናፊ ጆይስቲክ አስረክቦ ይነሳል፤ እዚህ ምን አስገደዳችሁ? ሕጉን በሰዓት አድርጉት፣ 3 ደቂቃ ይበቃል፦ ሲጥል 1 ይደመርለታል፣ ሲወድቅ 1 ይቀነስበታል፣ ማንም ከጨዋታ አይወጣም። ከመካከላችሁ አንድ ኃይለኛ ካለ ሃንዲካፕ አብሩና እሱን ከ60 ፐርሰንት አስጀምሩት።

ቀጥሎ ቲቪው። ጌም ሞድ ካላበራችሁት ምስሉን ለማሳመር ሲል ያዘገየዋል፤ ቁልፉን በሰዓቱ ተጭናችሁ ምቱ አርፍዶ ይወጣል። ኦንላይን ከሆነ ደግሞ ኬብል ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም የአንዱ ዋይፋይ ሲንገዳገድ ጨዋታው የሚዘገየው በሁሉም ላይ ነው። የስዊች ኦሌድ ዶክ የኬብል መሰኪያ አለው፤ ለቀደመው ሞዴል በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር ያስፈልጋል።

[ምስል፦ የመቆጣጠሪያ ማስተካከያ ገጽ፤ ጠቋሚው “በስቲክ መዝለል” ላይ።]

ተራኪ፦ የመጨረሻው ማስተካከያ ይህ ነው። ሲገዛ ስቲኩን ወደ ላይ መግፋት ያዘልላል። ወደ ጠርዙ ለመመለስ “ላይና ልዩ ምት” ስትሉ ጣታችሁ ጥቂት ከዘገየ መጀመሪያ ዝላዩ ይወጣል፣ ያ ቅድም የቆጠባችሁት ዝላይ ማለት ነው። አጥፉት፤ ለመዝለል ኤክስ ወይም ዋይ አለላችሁ። ሁለቱን በአንዴ ብትጫኑ አጭር ዝላይ ይወጣል፤ ዝላይና መምቻን አንድ ላይ ብትጫኑ ደግሞ አጭር ዝላይ ከነምቱ። ማስተካከያው የሚቀመጠው በፈጠራችሁት ስም ስር ነው፤ ተዋጊ ስትመርጡ ስማችሁን ሳትመርጡ ከገባችሁ ወደ ድሮው ተመልሷል።