ጄሶ ውስጥ የተረሳው ባት

[ምስል፦ እስከ ጉልበት በጄሶ የታሰረ እግር፣ ትራስ ላይ ተሰቅሎ]

እግሩ የተሰበረ ሰው ስትጠይቁ ምን ትላላችሁ? «እግዜር ይማርህ፣ ከአልጋ እንዳትወርድ!» አይደል? እኛም እንደዚያው ነበርን። አጎቴን፣ ጋሼ ነው የምንለው፣ ባጃጅ ገጭቶት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ጄሶ ታሰረለትና ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ ውሃ እንኳ ራሱ እንዲቀዳ አልፈቀድንለትም።

በሦስተኛው ሳምንት «ጄሶው ጠበበኝ» ማለት ጀመረ። እንግዲህ ጄሶ አይጠብም። እግሩ ነው ያበጠው። ጭኑ ድረስ ከበደው። አንዲት ጎረቤታችን ቅቤ ይዛ መጣች፣ ልታሸው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመው።

[ምስል፦ የባት ጡንቻና ደም መላሽ ሥር]

ወደ እግር የሚወርደውን ደም ልብ ይገፋዋል። ሽቅብ ሲመለስ ግን ትልቁን ሥራ የሚሠራው ባታችን ነው። በተራመድን ቁጥር የባት ጡንቻ ደም መላሹን ይጨምቀዋል፣ ደሙ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጉበታል። ቁርጭምጭሚት በጄሶ ሲታሰር ይህ ፓምፕ ሥራ ይፈታል። በዚያ ላይ ሰውነት ስብራቱ እንዳይደማ ብሎ ደሙን ቶሎ እንዲረጋ አዘጋጅቶታል። የደም ሥሩም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ባንድ እግር ላይ ሲገናኙ ደም መላሹ ውስጥ ደም ይረጋል!

የረጋው ደም እግር ውስጥ ቢቀር ባልከፋ። ችግሩ፣ ተቆርጦ መጓዙ ነው። በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ላይ ይሰነቀራል። ሳንባ ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም ከእግር እንደሚመጣ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ ያሳየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እኛ ግን ዛሬም ያበጠ ባት እናሻለን። ወጌሻን ልነቅፍ አይደለም፣ ግን ከስብራት በኋላ አዲስ ያበጠ እግር በፍጹም አይታሽም።

ጋሼን ሆስፒታል ወሰድነው። ጄሶው ተሰነጠቀ፣ አልትራሳውንድ ተነሳ። አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ባለሙያዋ መሣሪያውን ጫን ስታደርግ ጤነኛው ደም መላሽ እንደ ባዶ ፌስታል ይጣበቃል። ከጉልበቱ ጀርባ ያለው ግን ብትጫነው ብትጫነው እንቢ አለ። ውስጡ የረጋ ደም አለ ማለት ነው።

[ምስል፦ መርፌና ክኒን]

ታዲያ ጄሶ የታሰረለት ሁሉ ደም ማቅጠኛ ይውሰድ? አይደለም። በ2017 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ከጉልበት በታች ጄሶ ለታሰረላቸው ሁሉ መርፌ መስጠቱ ብዙም ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል፤ መርፌ ከወሰዱት 1.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 1.8 በመቶ ብቻ ናቸው ደም የረጋባቸው። ቀዶ ጥገና ሲኖር፣ ዳሌ ወይም ጭን ሲሰበር፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ የካንሰር ታማሚ፣ ወይም የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ስትሆን ነገሩ ይለያል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 12,211 የስብራት ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ በ2023 የታተመ ጥናት ደግሞ ርካሹ አስፕሪን ሞትን በመከላከል ከመርፌው እንደማያንስ አሳየ፤ እግር ውስጥ የሚረጋው ግን በአስፕሪኑ በኩል ትንሽ በዝቷል። ይህን ሰምታችሁ ፋርማሲ እንዳትሮጡ፣ ጨጓራ የሚያደማ መድኃኒት ነው። ከሆስፒታል ስትወጡ ብቻ ሐኪሙን «ለኔ ደም ማቅጠኛ ያስፈልገኛል ወይ? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲጣደፍም ያዙት!

ሐኪሙ ከፈቀደ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ፣ በክራንች ተነሱ፣ ውሃ ጠጡ። ባት አዲስ ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ካመመ በዚያው ቀን ታዩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ሲተነፍሱ ከወጋ፣ ደም ያለበት አክታ ከመጣ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ ነገ አትበሉ፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል። ጣቶች ከቀዘቀዙና ከደነዘዙ፣ ሕመሙም አላስቆም ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱም አያድርም።

ጋሼ የደም ማቅጠኛ ክኒኑን ሦስት ወር ወሰደ። አሁን ውሃውን ራሱ ይቀዳል፣ ለእኛም ጭምር። በቅቤው ዶሮ ተሠራበት።