ይህን የቆሸሸ ስፖንጅ አትጠቡብኝ

እንደምን አመሻችሁ?

ከኋላ ላላችሁ ላይታይ ይችላል፤ በዚህ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ነው። ስገዛው ጥቁር ነበር። አሁን ቡናማ ሆኗል። ሲነኩት ያሙለጨልጫል። ጨመቅ ሲያደርጉት ደግሞ የጭቃ ውሃ የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ፊት የተቀመጣችሁት አፍንጫችሁን ያዝ ስታደርጉ አይቻለሁ፤ አልፈርድባችሁም። ግን እመኑኝ፣ አይገማም። ጠጋ ብላችሁ ብታሸቱት ዝናብ የመታው አፈር ነው የሚሸታችሁ።

ዛሬ የተጠራሁት ስለ ትንሽ የዓሣ ገንዳ እንድናገር ነው። በተለይ ደግሞ «የትኛውን ማጣሪያ ልግዛ?» የምትሉትን እንድመልስ። «ይሄን ግዙ» ብዬ ስፖንጁን አሳይቼ ብቀመጥ ደስ ባለኝ። ግን ምክንያቱን ካልነገርኳችሁ እኔ የሠራሁትን ጥፋት መድገማችሁ አይቀርም።

የመጀመሪያ ገንዳዬ 20 ሊትር ነበር። ጠዋት ገዛሁት። ከሰዓት ውሃ ሞላሁት። ማታ ስድስት ዓሣ ጨመርኩበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ውሃው ጥርት ያለ ስለነበር ሁሉ ነገር የሰመረ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው ውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ደንግጬ ወደ ሻጩ ሄድኩ። «ማጣሪያው ቆሽሾ ይሆናል፣ እጠበው» አለኝ። እኔም የዋህ፣ ቤት ገብቼ ስፖንጁን ከቧንቧ ስር አድርጌ አዲስ እስኪመስል ፈተግኩት። በሳምንቱ አንድ ዓሣ ብቻ ቀረኝ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። ዓሣ በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ይበላል፣ እዚያው ይተነፍሳል፣ እዚያው ይጸዳዳል። ሰውነቱ የሚያስወግደው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ነው። አብዛኛው የሚወጣውም በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት ክፍል በኩል ነው። ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ወንዝና ሐይቅ ሰፊ ስለሆነ ይህን ችሎ ያልፈዋል። 20 ሊትር ውሃ ግን የት ያድርሰው? አሞኒያ ደግሞ ቀለም የለውም። ውሃው ጠርቶ ዓሣው ስንጥቡ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። የኔዎቹ አየር አየር ያሉት ለዚህ ነበር።

እንግዲህ ይህን አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሌሎቹ ተቀብለው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ዓሣን አይጎዳም፤ ተክል ካለም ይመገበዋል። እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ በማሳደግ ሥራቸውን ያሳየው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የሚባል የባክቴሪያ ተመራማሪ ነው፣ በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ። እሱ ያጠናው የአፈሮቹን ነበር። ገንዳችን ውስጥ ያለውም ሥራ ያው ነው።

አሁን ወሬው ወደ ስፖንጁ ይመለሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃ ውስጥ እየዋኙ አይደለም የሚኖሩት። የሚጣበቁበት ነገር ይፈልጋሉ፤ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀዳዳው የበዛ ስፖንጅ ላይ። ኦክስጅንም ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ውሃው ሳይቆም በላያቸው ማለፍ አለበት። ማጣሪያ ማለት ይኸው ነው። ቆሻሻ መያዙ ትርፍ ሥራው ነው። ዋናው የባክቴሪያ ቤት መሆኑ ነው። እኔ ስፖንጁን ስፈትግ ገና መስፈር የጀመሩትን ጭምር ነው በቧንቧ ያስወጣኋቸው፤ የቀሩትንም ክሎሪኑ ጨረሰልኝ።

ማጣሪያ ስትመርጡ እንግዲህ «ውሃውን ምን ያህል ያጠራልኛል?» ብላችሁ አትነሱ። «ባክቴሪያዎቼ ስንት ቦታ ያገኛሉ፣ ሳጸዳውስ ይተርፉልኛል ወይ?» በሉ።

ለትንሽ ገንዳ የኔ ምርጫ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው። ሲያዩት መናኛ ነገር ነው። አንድ ስፖንጅ፣ መሃሉ ላይ የቆመ ቱቦ፣ ከውጭ የምትቀመጥ ትንሽ የአየር ፓምፕ፣ ሁለቱን የምታገናኝ ቀጭን ቱቦ። ፓምፗ አየር ትገፋለች። አየሩ በመሃለኛው ቱቦ ውስጥ አረፋ ሆኖ ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይወጣል። የወጣውን ለመተካት ሌላ ውሃ ከዙሪያው በስፖንጁ በኩል ይገባል። በቃ። ውሃ ውስጥ ያለው ክፍል ሞተር የለው፣ የሚሽከረከር ነገር የለው፣ ምኑ ይበላሻል? ገና የተወለዱ ትንንሽ ዓሦችን ስቦ አይውጥም። ላይ ላዩን ውሃውን ስለሚያንቀሳቅስም ኦክስጅን ይገባል። ብዙ ሰው ኦክስጅኑ ከአረፋው የሚገኝ ይመስለዋል፤ አብዛኛው የሚገባው ግን አረፋው የውሃውን ፊት ሲያናውጠው ነው።

እንከኑንም ልናገር። ድምፅ አለው። ብሉብ ብሉብ ይላል፣ ፓምፗም ታጉረመርማለች። መኝታ ክፍል ለሚያስቀምጥ ሰው መጀመሪያ ይከብዳል። እኔ ለምጄው አሁን ዝም ሲል ነው የምነቃው። ቦታም ይይዛል፣ ውበት የሚባል ነገር የለውም። ከፊቱ ተክል መትከል ነው እንግዲህ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፓምፗን ከገንዳው የውሃ ልክ ዝቅ አድርጋችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃው በአየር ቱቦው በኩል ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል። ፓምፗ ትበላሻለች፣ ወለሉም ይጥለቀለቃል። ቱቦው መሃል የምትገባ፣ አየርን ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ አውራ ጣት የምታክል መቆጣጠሪያ አለች። እሷን ሳትገዙ እንዳትወጡ።

ከገንዳው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለውም ማጣሪያ መጥፎ አይደለም። ጸጥ ያለ ነው፣ ለማጽዳትም ይመቻል። የኔ ቅሬታ ከካርቶኑ ላይ ካለው መመሪያ ጋር ነው። «ውስጡን በየወሩ አውጥታችሁ በአዲስ ቀይሩ» ይላል ብዙ ጊዜ። እስኪ አስቡት፤ ባክቴሪያው ያለው እዚያ ላይ ነው። በየወሩ ቤታቸውን ከነነፍሳቸው ጥሎ በአዲስ መጀመር ማለት ነው። ለሻጩ እንጂ ለዓሣው የሚጠቅም ምክር አይደለም። ይህን ዓይነት ከገዛችሁ ውስጡ ቦታ ፈልጋችሁ ቁራጭ ስፖንጅ ጨምሩበት፣ እሱን አትቀይሩት።

ውሃ ውስጥ ገብቶ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ባለ ሞተርም አለ፤ ይሠራል፣ ግን ለትንሽ ገንዳ ግፊቱ ብዙ ጊዜ ይበረታል። ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠውን ትልቁን፣ ባለ ባልዲውን፣ ለትልቅ ገንዳ ተዉት።

ስለ ግፊት ከተነሳ፣ ባለ ሞተሮቹ ላይ «በሰዓት ይህን ያህል ሊትር» የሚል ቁጥር አለ። የገንዳችሁን ውሃ በሰዓት ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ የሚያዞር ለብዙው ዓሣ ይበቃል። ለ40 ሊትር ከ160 እስከ 240 ማለት ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚለካው ማጣሪያው ባዶ ሆኖ ነው፤ ስፖንጅ ሲገባበትና ሲቆሽሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍ ያለውን መያዝ አይከፋም። ቤታ የምትባለውን ረጅም ክንፍ ያላትን ዓሣ ከሆነ የምትፈልጉት ግን ለዘብ ያለውን ምረጡላት። ኃይለኛ ፍሰት ውስጥ ስትዋኝ ያሳዝናል፤ ቀሚሷ ነፋስ እንደያዘው ሰው ነው የምትሆነው።

ገንዳው ራሱስ? ትንሽ ሲሆን ይቀላል ብላችሁ ከሆነ ተሸውዳችኋል። ውሃው ባነሰ ቁጥር መርዙ ቶሎ ይጠነክራል፣ ሙቀቱም ቶሎ ይለዋወጣል። ለጀማሪ ከ40 እስከ 60 ሊትር ይሻላል። ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ እስከ አፉ ቢሞላ 45 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ 45 ኪሎ ነው። ጠጠርና መስታወቱ ሲደመሩ ወደ 60 ይጠጋል። የሚወላገድ ጠረጴዛ ላይ አይሆንም። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት ስርም አይሁን፤ በሳምንታት ውስጥ መስታወቱ አረንጓዴ ይለብሳል።

ጠጠሩን ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። ሳሙና በፍጹም። ከዚያ ጠጠሩ ላይ ሰሃን አስቀምጡና ውሃውን ሰሃኑ ላይ አፍስሱ፤ አለዚያ አስተካክላችሁ የደለደላችሁት ጠጠር ጉድጓድ ይሆናል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ጨምሩበት። «አንድ ቀን ክፍት ባልዲ ውስጥ ካደረ ይወጣለታል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ለተራው ክሎሪን እውነት ነው። አንዳንድ ውሃ ግን ክሎራሚን የሚባለው ነው የሚደረግበት፤ እሱ በማሳደር አይወጣም። ጠብታው ሁለቱንም ይዞላችኋል።

ማሞቂያ ካስፈለጋችሁ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ያህል ብላችሁ አስቡ። ብዙዎቹ የሞቃት አገር ዓሦች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሲየስ ይስማማቸዋል። ውሃ ከመቀነሳችሁ በፊት ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ። ትኩስ ሆኖ አየር ላይ ከቀረ የማሞቂያው መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጣን። ሁሉ ነገር ተገጣጥሟል፣ ውሃው ሞልቷል፣ ማጣሪያው ይንጫጫል። ዓሣ የለም። ልጆች ካሏችሁ በየቀኑ «መቼ ነው?» ይሏችኋል። መልሱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። አዎ፣ ባዶ ውሃ እያያችሁ።

ባክቴሪያው እስኪሰፍር ግን መብላት አለበት። ሽታ ማሳመሪያም ሳሙናም የሌለበት ፈሳሽ አሞኒያ በጠብታ እየለካችሁ ጨምሩ፤ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪሆን። መለኪያውን ግዙ፣ በጠብታ የሚሠራውን። አንዲት ጠባብ ብልቃጥ አለችው። ውሃ ትጨምራላችሁ፣ ጠብታውን ትቆጥራላችሁ፣ ትወዘውዛላችሁ፣ ደቂቃዎች ትጠብቃላችሁ። ብዙዎቹ ላይ አሞኒያ ከሌለ ቢጫ ነው፤ ካለ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። መጀመሪያ ለቀናት አረንጓዴ ብቻ ታያላችሁ። ተስፋ ስትቆርጡ ከቀኑ በአንዱ ፈዘዝ ይላል። በዚያው ሰሞን የናይትራይቱ መለኪያ ሐምራዊ ይሆናል። እሱም ቆይቶ ቆይቶ ይወርዳል። የጨመራችሁት 2 ሚሊግራም አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ቤቱ ተዘጋጀ ማለት ነው። ከግማሽ በላይ ውሃውን ቀይሩና ዓሣ አምጡ። እኔ ያንን ቢጫ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሰው ጠርቼ አሳይቻለሁ። ማንም አልገባውም።

ዓሣውንም በአንዴ አታምጡ፤ ባክቴሪያው የሚበዛው በሚያገኘው ምግብ ልክ ነው። ጎልድፊሽ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም። ሲሸጥ ጣት ያክላል፤ አድጎ ከ20 ሴንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል። ጋፒ የምትባለዋን ትንሽ ዓሣ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻዋን ገዝታችሁ እንኳ በአንድ ወር ውስጥ ልትወልድላችሁ ትችላለች። የወንዱን ዘር ለወራት ይዛ ትቆያለችና እንዳይገርማችሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ትንሽ ነው። በሳምንት ሩብ ያህሉን ውሃ ቀይሩ። ስፖንጁ ሲደፈንና አረፋው ሲዳከም ብቻ፣ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ። ቡናማነቱ አይለቅም። አይልቀቅ።

መብራት ለሰዓታት ቢጠፋባችሁም ይህ ስፖንጅ ገንዳው መሃል ክፍት ሆኖ ስለተቀመጠ ባክቴሪያው ከዙሪያው ውሃ ትንሽም ቢሆን ኦክስጅን ያገኛል። ተዘግቶ የሚሠራው ትልቁ ማጣሪያ ውስጥ ግን ውሃው ከቆመ ይታፈናሉ።

እንግዲህ ስለዚህ ዕቃ። ይህ ስፖንጅ ጤነኛ ዓሦች ባሉበት ገንዳ ውስጥ አንድ ዓመት ከቆየ ማጣሪያ የወጣ ነው፤ ስድስቱን ሳምንት በጣም ያሳጥራል። ዓሣው የታመመበት ሰው ግን ስፖንጅ ቢሰጣችሁ እንዳትቀበሉ፣ በሽታውም አብሮ ይመጣል። ለአራት ይቆረጣል። ገንዳው ተሞልቶ፣ ክሎሪኑ ጠፍቶለት፣ ማጣሪያው ዛሬ ማታ እየሠራ ያለ ሰው ብቻ ይምጣ። እርጥብ እንደሆነ፣ በዚሁ ውሃ ውስጥ አድርጌ እሰጣችኋለሁ፤ ቤት ስትደርሱ በቀጥታ ከማጣሪያችሁ ጋር አጣብቁት። መቀስ የያዘ አለ?