ከፍላሹ ላይ የጎደለው ፋይል

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ወዳጆቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያሠራው ሥርዓት፣ ከተጫነበት በኋላ ኔትወርክ አልይዝ ስላለ ኮምፒውተር። ጉዳዩ ለአንዳንዶቻችሁ ጠባብ ይመስል ይሆናል። እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፒውተር ለሚጠግን ሰው ግን ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወዲህ ደጅ የሚያንኳኳው በአብዛኛው ይኸው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና ከተፈቀዱት ፕሮሰሰሮች አንዱን ይጠይቃል። ስለዚህ መምህሩም ተማሪውም የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጠውም ፊቱን ወደ ሊኑክስ እያዞረ ነው። ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ ግን ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ምሽት ተስፋ ቆርጠው መመለሳቸው ነው። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ገጹ አማረ፣ ዋይፋይ ግን የለም። ወዲያው አንድ ሰው “ካርዱ ተቃጥሏል” ይላቸዋል፤ ያልተቃጠለ ካርድ ለመቀየርም ገንዘብ ያወጣሉ።

በቅርቡ አንድ የፊዚክስ መምህር ከመሃል ሜዳ መጡ። የመንዝን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በጣርማ በር በኩል ዞሮ እስኪደርሱ ድረስ ብርዱ አጥንት ይገባል። ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልለው ነው ያመጡት።

“ወንድሜ፣ ይኼ ኮምፒውተር በዊንዶውስ ጊዜ ደኅና ይሠራ ነበር። ሊኑክስ ከተጫነበት ጀምሮ የዋይፋይ ምልክት እንኳ የለውም። ካርዱ ሞቷል አሉኝ።”

“መምህር፣ መሞቱን በምን አወቁት?”

“አይታይማ!”

እኔ ደግሞ የምፈልገው ይህንኑ ነበር፤ በእርግጥ አይታይም ወይ? ለማን ነው የማይታየው? ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ተርሚናልን፣ ከፍቼ ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ፣ ከሰረዝ ኤንኤንኬ ጋር አድርጌ ጻፍኩ። ይህ ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ የተሰኩትን ካርዶች ሁሉ በየስማቸው ይዘረዝራል። ከስሙ አጠገብ በሁለት ነጥብ የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ፊተኛው የአምራቹ፣ ኋለኛው የዕቃው ነው። የኢንቴል ቁጥር ለምሳሌ 8086 ነው፤ ኩባንያው በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዝነኛው ፕሮሰሰር ስም ነው። የሪልቴክ 10ኢሲ፣ የብሮድኮም ደግሞ 14ኢ4 ነው። ካርዱ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ከተጠራ ኤሌክትሪክ ደርሶታል፣ ከሰሌዳው ጋር ተገናኝቷል፣ ማን እንደሆነም መልሷል። የተቃጠለ ካርድ እንዲህ ብሎ መመለሱ እምብዛም ነው። የመምህሩ ካርድ ስሙ ተጠራ። ከሥሩም በሥራ ላይ ያለው ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የትኛው እንደሆነ የሚናገር መስመር ነበረ። ይህ መስመር ባይኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከርነሉ፣ ማለትም ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያዝዘው የሊኑክስ እምብርት፣ ካርዱን አይቶታል፣ የሚያሠራበት ድራይቨር ግን አላገኘም ማለት ይሆናል። ካርዱ ከከርነሉ በኋላ ተሠርቶ ገበያ ላይ ከወጣ ይህ ይደርሳል።

ድራይቨሩ ካለ ታዲያ ምን ጎደለ? መልሱ ያለው ዲሜስጅ በሚባለው ትእዛዝ ውስጥ ነው። ከርነሉ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ያየውንና የገጠመውን ሁሉ በየመስመሩ ይመዘግባል፤ ያንን መዝገብ የሚያነብልን እርሱ ነው። ከብዙ መቶ መስመሮች መካከል ፈርምዌር የሚል ቃል ያለባቸውን ብቻ ለይቼ አወጣሁ። አንዱ መስመር በቀይ ጎልቶ ቆሟል፦ ፈርምዌሩን መጫን አልተቻለም፣ የስህተት ቁጥር -2። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አነበቡት። በሊኑክስ ቋንቋ -2 ትርጉሙ አንድ ነው፤ የተፈለገው ፋይል በቦታው የለም። የፋይሉ ስም ራሱ እስከ ቅጥያው ድረስ ተጽፎ ነበር። ማሽኑ የጎደለውን ዕቃ በስሙ ጠርቶ እየጠየቀ፣ ሰው ሞቷል ይለዋል።

ፈርምዌር ምንድን ነው ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ የዋይፋይ ካርድ የራሱ ትንሽ ፕሮሰሰር አለው። ብዙዎቹ ካርዶች ግን ፕሮግራማቸውን በቋሚነት የሚያስቀምጡበት ማኅደር የላቸውም። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ድራይቨሩ ፕሮግራሙን ከዲስክ አንሥቶ ለካርዱ ያስረክበዋል። ካርዱ በየማለዳው የዕለቱን ሥራ እስኪነግሩት አደባባይ ቆሞ እንደሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ጉልበት አለው፣ የሚያሠማራው ከሌለ ግን ቆሞ ይውላል። በዊንዶውስ ጊዜ ይሠራ የነበረውም የአምራቹ ድራይቨር ያንን ፋይል በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ነው።

በሊኑክስ በኩል ያለው ታሪክ ረዘም ይላል። የድራይቨሩ ኮድ ክፍት ነው፣ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ፈርምዌሩ ግን የአምራቹ ንብረት ነው፤ ምንጩ አይታይም። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዴቢያን ነፃ ሶፍትዌር (ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ብቻ በሚለው መርሑ ጸንቶ እነዚህን ፋይሎች ለዓመታት ከዋናው መጫኛ ውጭ አስቀምጧቸው ኖሯል። በኋላ አዘጋጆቹ ድምፅ ሰጥተውበት ሰኔ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ከወጣው ከዴቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ በመጫኛው ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። እኔ በዚህ ውሳኔ ደስ ካላቸው ሰዎች ወገን ነኝ። መርሑን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ኔትወርክ የሌለውን ሰው “ኔትወርክ የሚሰጥህን ፋይል ከኔትወርክ አውርድ” ማለት በተለይ ለእኛ አገር ሰው በር መዝጋት ነው።

የመምህሩ ፍላሽ ላይ የነበረው ዴቢያን 11 ነው። ከሥራ ባልደረባቸው ተውሰውት ነው፤ ባልደረባቸው ከወንድሙ ልጅ፣ የወንድሙ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ከሚማር ጓደኛው። ዛሬ በዋናነት ልነግራችሁ የፈለግኩትም ይህንን ነው። ሊኑክስ በእኛ አካባቢ የሚዛመተው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። የሌላው የሊኑክስ ዓይነት፣ የኡቡንቱ 24.04፣ መጫኛ ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፤ በሞባይል ጥቅል ማን ያወርደዋል? አንዱ በሆነ መንገድ ያወረደውን አሥር ሰው ይቀዳዋል። መዋዋሳችን መልካም ነው፤ እኔም የተማርኩት በተዋስኩት ፍላሽ ነው። ግን ፍላሹ በዞረ ቁጥር ያረጃል። ያረጀ መጫኛ ያረጀ ከርነል ይዟል፣ ከርሱ በኋላ የተሠሩትን ካርዶች አያውቅም። ፈርምዌሩም አብሮት አይዞርም። ጥቂት ሜጋባይት ቢሆን ነው፤ ግዙፉን ስንቀዳ ትንሹን የሚያስታውሰው የለም።

የመምህሩን ጉዳይ የፈታነው በስልካቸው ነው። ስልኩን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘን፤ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ከሚለው ሥር ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አበራን። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፤ ብዙውን ጊዜ ምንም መጫን አያስፈልግም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ያንኑ ዋይፋይ በገመዱ ያሳልፈዋል፤ የሞባይል ዳታ አይነካም። ነፃ ያልሆኑ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ክፍል በዴቢያን የፓኬጅ (ተጠቅልሎ የሚመጣ የሚጫን ፕሮግራም) ምንጮች ዝርዝር ላይ ጨመርን፣ የጎደለውን ፓኬጅ ጫንን፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተን አስነሣን። በአካባቢው ያሉ የዋይፋይ ስሞች ተራ በተራ ብቅ አሉ። መምህሩ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ “ይህን ፓኬጅ በፍላሽ ልወስደው እችላለሁ?” ብለው ነው። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ያላቸው ሌሎች መምህራን አሉ።

ችግሩ ሁልጊዜ ፈርምዌር ነው አልልም። አንዳንዴ ካርዱ በጎን ባለ ማብሪያ ወይም የአውሮፕላን ምልክት ባለው ቁልፍ ተዘግቶ ይገኛል፤ አርኤፍኪል ሊስት ብሎ መጻፍ ወዲያው ያሳያል። ዊንዶውስንና ሊኑክስን አብራችሁ የያዛችሁ፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን የዊንዶውስ ፈጣን አነሣስ አጥፉት፤ አንዳንድ ካርድ በከፊል ተኝቶ ይቀርና ሊኑክስ ሊቀሰቅሰው አይችልም።

ቆም ብዬ ልናገርበት የምፈልገው ግን ሰዓት ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ ሰሌዳ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ዋይፋዩ ተያይዟል፣ ድረ ገጹ ግን አይከፈትም። የድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ኮምፒውተሩ ገና ባልተጀመረ ቀን ላይ ከቆመ ማረጋገጫውን አይቀበለውም። ፓኬጅ መጫንም እንዲሁ እንቢ ይላል። ሰው ይህን ሁሉ “ኔትወርክ የለም” በሚል አንድ ቃል ይጠራዋል። ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት ቀኑን እዩ።

ሌላው ደግሞ ትናንት ሲሠራ ውሎ ዛሬ የቆመ ዋይፋይ ነው። ከከርነሉ ውጭ ለብቻው የተጫነ ድራይቨር ካለ፣ ከርነሉ ሲታደስ ድራይቨሩም ለአዲሱ ከርነል እንደገና መገንባት አለበት። ለዚህ ሄደር የሚባሉት ፋይሎች ካልተገኙ ግንባታው ይከሽፋል፣ ካርዱም ድራይቨር አልባ ይሆናል። ሴኪዩር ቡት የሚባለው የኮምፒውተሩ የአነሣስ ጥበቃ የበራ ከሆነ ያልተፈረመ ድራይቨርም አይገባም። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ግሩብ ከሚባለው የማስነሻ ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ፤ ኔትወርኩ ይመለሳል፣ የጎደለውን በእርሱ ታወርዳላችሁ።

እባካችሁ፣ ፎርማት አታድርጉ። በየጥገና ቤቱ ሥር የሰደደ ልማድ ሆኗል። የጎደለው ፋይል በዚያው ፍላሽ ላይም ከሌለ፣ እንደገና መጫን ያንኑ ጉድለት እንደገና መጫን ነው፤ በመካከል የሰው ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠፋል።

ይህን ሥራ የምወድበትን ምክንያት ሳልነግራችሁ አላልፍም። የብሮድኮም ካርዶች በሊኑክስ ላይ ጨርሶ የማይሠሩበት ዘመን ነበር፤ ኩባንያው የካርዶቹን አሠራር የሚያስረዳ ሰነድ አላወጣም ነበርና። በጎ ፈቃደኞች የኩባንያውን ድራይቨር መመሪያ በመመሪያ እየፈቱ፣ ካርዱ ምን ሲባል ምን እንደሚያደርግ መዝግበው፣ ከዚያ መዝገብ በመነሣት ሌሎች አዲስ ድራይቨር ጻፉ። ሥራቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ። ኩባንያው ራሱ ለአዳዲሶቹ ካርዶች ክፍት ድራይቨር ያወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። እነዚያ ሰዎች ደብረ ብርሃንን ላያውቋት ይችላሉ። እዚህ አምስት እጅ ዞሮ የደረሰ አሮጌ ላፕቶፕ ዋይፋይ ሲይዝ ግን የእነርሱ ድካም ነው የሚሠራው፤ ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ይነካል።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ሊኑክስ ልትጭኑ ስትነሡ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን በፍላሹ ብቻ አስነሥታችሁ ሞክሩት፤ ኡቡንቱም ዴቢያንም የሙከራ አማራጭ አላቸው። ዋይፋዩ ከያዘ ጫኑ። ካልያዘ የካርዱን ሁለት ቁጥሮች ጽፋችሁ ያዙ፤ ዊንዶውሱ ገና አለና የጎደለውን በእርሱ ማውረድ ትችላላችሁ። ደብረ ብርሃን ለምትመጡ፣ ከደብረ ሲናም ሆነ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበርም ሆነ ከመንዝ፣ አዲሱን መጫኛ ከነፈርምዌሩና ከነሄደሮቹ በነፃ እቀዳላችኋለሁ። ፍላሻችሁ ከ16 ጊጋባይት ያላነሰ ይሁን፤ በላዩ ያለውንም አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ስንጽፍበት ይጠፋልና። ደኅና ሰንብቱ።