አስፋልት ውስጥ የተቀበረው ሴንሰር

[ምስል፦ ከላይ የተቀረጸ የመሃል ከተማ መንገድ። አንዲት ነጭ መኪና ያንኑ ሕንፃ ደጋግማ ትዞራለች።]

ይህችን ነጭ መኪና ልብ በሉልኝ። ሹፌሩ ያሰበበት ደርሷል፤ አሁን የሚዞረው ማቆሚያ ፍለጋ ነው። እዚያ ማዶ፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ሦስት ባዶ ቦታ አለ። እሱ ግን አላወቀም። ከኋላው ያለው አውቶቡስም ተሳፋሪዎቹን እንደጫነ አብሮት ያዘግማል።

[ምስል፦ መዳፍ ላይ የምታርፍ ክብ ሴንሰር]

ይህች ሴንሰር አስፋልቱ ተቦርቡሮ በእያንዳንዱ ማቆሚያ መሃል ትቀበራለች። መሬት ማግኔታዊ መስክ እንዳላት እናውቃለን። መኪና ብዙ ብረት ስላለው ከላይ ሲቆም ያ መስክ ይዛባል። ሴንሰሯ መዛባቱን ለክታ «ተይዟል» የሚል መልእክት ምሰሶ ላይ ወዳለ መቀበያ በሬዲዮ ሞገድ ትልካለች። መኪናው ሲነሳ «ተለቋል» ትላለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ካሜራ የላትም፣ ሰሌዳ አታነብም፣ የማን መኪና እንደቆመም አታውቅም።

ብዙ ሰው ጥቅሟ ክፍት ቦታን በስልክ ማሳየት ይመስለዋል። ለእኔ ይህ ትንሹ ጥቅም ነው፤ ያያችሁትን ቦታ እስክትደርሱ ሌላው ይይዘዋልና። ትልቁ ነገር ከተማው የትኛው መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ በትክክል ማወቁ ነው።

[ምስል፦ የሳን ፍራንሲስኮ ካርታ]

ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በ8,200 ገደማ የመንገድ ዳር ማቆሚያዎች ላይ ይህን ሞከረች። የሙከራው ስም ኤስ ኤፍ ፓርክ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፦ በአንድ መንገድ ከማቆሚያው 80 በመቶ በላይ ከተያዘ የሰዓቱ ዋጋ በ25 ሳንቲም ይጨምራል፤ ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ይቀንሳል። ይህም ለጠዋት፣ ለቀትርና ለከሰዓት በኋላ ለየብቻ ይሰላል። ግቡ በየመንገዱ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት እንዲገኝ ነው።

ነዋሪው ዋጋ ሊሰቀልብን ነው ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። የሆነው ግን ሌላ ነው፦ አማካይ ዋጋው በ4 በመቶ ወረደ። ለካ ብዙ መንገዶች ያለ አግባብ ተወድደው ባዷቸውን ይውሉ ነበር! አሽከርካሪዎች ራሳቸው እንደተናገሩት ደግሞ ቦታ ፍለጋ የሚፈጀው ጊዜ በሙከራው አካባቢ በ43 በመቶ አጠረ። ሙከራው ባልደረሰባቸው ማነጻጸሪያ አካባቢዎች 13 በመቶ ብቻ ነው የቀነሰው።

ችግርም ነበር። ከላይ የተዘረጉ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሽቦዎችና የምድር ውስጥ ኬብሎች ማግኔታዊ መስኩን እየረበሹ ሴንሰሮቹን ያሳስቱ ነበር። ባትሪም ያልቃል፤ የተቀበረን ነገር መቀየር ደግሞ አስፋልት መቆፈር ነው።

ስለዚህ ከተማዋ ሴንሰሮቹን እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አጠፋቻቸው። ዋጋ ማስተካከሉ ግን አልቆመም። እስከዚያ በተሰበሰበው መረጃ፣ የማቆሚያ ሂሳብ በሚከፈልበት የመንገድ ዳር ቆጣሪ ላይ ከገባው ገንዘብ ተነስቶ ስንቱ ቦታ እንደተያዘ መገመት ተችሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ያው ደንብ በመላ ከተማዋ ቆጣሪ ወዳላቸው ማቆሚያዎች ተስፋፋ።