የአድሪያኖ ጎል የማን ነበር?

እሺ። እየቀዳ ነው መሰለኝ፣ ቀይዋ በርታለች። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ድመቷንም አስወጥቻታለሁ። የኔን ድምፅ ብቻ ነው የምትሰሙት፣ ቻሉት።

ባለፈው "የድሮ ጌም ይሻላል ወይስ የአሁኑ" ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ለፍልፌ ለፍልፌ የድሮው ይሻላል ብዬ ፈርሜ ወጣሁ አይደል። ማስረጃዬስ ምን ነበር? ፔስ በሚባለው የፕሌይስቴሽን የእግር ኳስ ጌም ላይ የገባችው የአድሪያኖ ጎል። አዎ፣ ያቺው። ስንት ጊዜ እንዳወራኋት ከእኔ ይልቅ እናንተ ትቆጥራላችሁ። አሁን እሷን ጎል በተመለከተ አንድ ነገር ተፈጥሯል፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል ብል ማጋነን ነው፣ ግን እንጃ፣ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ጋሼ አረፉ። የፕሌይስቴሽን ቤቱ ጋሼ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፣ ማታ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የድሮ ሰፈር ልጆች በሙሉ አሉ፣ ልጆች ስል ግማሹ ተመልጧል። ካርታ ይጫወታሉ፣ ንፍሮ ይዞራል። ሻንበልም አለ። ለአዲስ ሰሚዎች፣ ሻንበል ወታደር አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም፣ እሱን ሌላ ቀን።

ወሬው ዞሮ ዞሮ ጋሼ ቤት ገባ። ያ መጋረጃው፣ ያ አግዳሚ ወንበር፣ ሲዲው አልነበብ ሲል ማሽኑን በጀርባው ገልብጠው "አሁን ይነሳል" የሚሉት ነገር። ሰው ይስቃል፣ ለቅሶ ላይ እንደሚሳቀው አፍን ሸፈን አድርጎ። እኔም በቃ ተራዬ ደረሰ ብዬ ጎሏን ማውራት ጀመርኩ።

እንደገና ላውራት፣ ይቅርታ፣ ግድ ነው።

ከሚሊኒየሙ በፊት የነበረው ክረምት፣ 1999። ጌሙ ፔስ 6። ሊቨርፑል "መርሲሳይድ ሬድ" የሚባልበት ጌም፣ ሠሪዎቹ ፈቃድ ስላልነበራቸው ስሙን ቀይረው ያስገቡት፣ እኛ ደግሞ እንደሱ የሚባል ቡድን በእውነት ያለ ይመስለን ነበር። ሻንበል ባርሴሎናን ይዟል። እኔ ኢንተር። 2 ለ 2። 88ኛው ደቂቃ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ከኋላ አስር ልጅ ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። ኳሷ ለአድሪያኖ ደረሰች። አድሪያኖን የማታውቁ ልጆች፣ የኢንተር አጥቂ ነው፣ ያ ጌም ላይ የሹት ኃይሉ 99 ነው፣ ከዚያ በላይ ቁጥር አይሰጡም። ግራ እግር። ቦታው ሩቅ ነው፣ ሌላ ተጫዋች ቢሆን ከዚያ አይመታም። የሹት ቁልፏን፣ ካሬዋን፣ ተጭኜ ያዝኳት፣ የኃይል መስመሯ ሞላች፣ ለቀቅኩ። ኳሷ ሄደች ሄደች፣ በረኛው ዘለለ፣ መረቡ ወዝወዝ ሲል... ድርግም። መብራት ሄደ።

ከዚያ ጭለማ ውስጥ ጦርነት ነው። ገብቷል፣ አልገባም። የተሸነፈ ነው የሚከፍለው፣ 2 ብር ናት፣ ግን 2 ብር ያኔ 2 ብር ነበረች። ጋሼ ሻማ አብርተው መጡና ፈረዱ፤ "ኳሷስ ገብታለች፣ ዳኛው ግን ፊሽካ አልነፋም። ግማሽ ግማሽ ክፈሉ።"

እንግዲህ ይሄን አውርቼ ስጨርስ ሰዉ ሳቀ። ሻንበል ግን አልሳቀም። ንፍሮውን እያኘከ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "አንተ አይደለህም እኮ የመታኸው" አለኝ።

"ምን?"

"ሚኪ ነው የመታው። አንተ ከኋላ ቆመህ 'ምታ! ምታ!' ትል ነበር። የጮህከው ጆሮዬ ላይ ስለሆነ አስታውሳለሁ።"

ሳቅሁ። ሌሎቹን አየሁ። ማንም አልተከራከረልኝም። አንዱ "እህ፣ ሚኪ መሰለኝ እኔም" አለና ካርታውን ጣለ። በቃ። ጨዋታው ቀጠለ። እኔ እዚያው ነኝ፣ ብርጭቆ ሻይ ይዤ፣ የ30 ምናምን ዓመት ሰው፣ ለቅሶ ቤት፣ በአንድ ጎል ምክንያት ጉሮሮዬ ደረቀ። ለሟቹ ሳላለቅስ ለጎሏ ላለቅስ ነው እንዴ ብዬ ራሴን ታዘብኩት።

ቤት ስገባ ሒሳብ ሠራሁ። አባቴ በቀን 50 ሳንቲም ነበር የሚሰጠኝ። ጌሙ 2 ብር። ብሸነፍ ከየት አምጥቼ ነው የምከፍለው? ታዲያ በየቀኑ እዚያ ምን አደርግ ነበር? ጋሼ ቤቱ ሲጣበብባቸው "የማይጫወት ይውጣ" ይሉ ነበር፣ ይሄን በደንብ አስታውሳለሁ፣ በጣም በደንብ፣ የሚወጣ ሰው እንደሚያስታውሰው ማለት ነው።

እና እኮ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። የእህቴን ልጅ ታውቁታላችሁ። ዩቲዩብ ላይ ሌላ ሰው ጌም ሲጫወት ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ያያል። ስንቴ ሳቅኩበት፣ እዚሁ ማይክ ላይ ሳይቀር፣ "ሰው ሲበላ አይተህ ትጠግባለህ ወይ" እያልኩ። ለካ እኔም አይቼ ነው የጠገብኩት። በዚያ ላይ እሱ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ነው የሚያየው። እኔ ቆሜ፣ እርጥብ ጫማ አድርጌ።

የሱን ጌም ደግሞ... ፊፋ ልል ነው፣ ፊፋ መባሉ ቀርቷል፣ ሠሪዎቹ በፈረንጆቹ 2023 ከፊፋ ድርጅቱ ጋር ተለያይተው ጌሙን ኤፍሲ አሉት፣ ፔስም እኮ ኢፉትቦል ሆኗል፣ ሁሉም ስሙን ቀየረ። እሱ ላይ የሚያናድደኝ ፓኬት መግዛቱ ነው። ሳታየው ትገዛለህ፣ ምን ተጫዋች እንደሚወጣልህ አታውቅም። ቤልጅየም በ2018 ይሄ ቁማር ነው ብላለች። እኔም ቁማር ነው ብያለሁ፣ ከቤልጅየም በኋላ። ግን የተሸነፈ ይከፍላል ምን ነበር? እሱስ ጽድቅ ነበር? ተዉት፣ ይሄን ነገር ስጀምር ወደዚህ መሄድ አልፈለግኩም።

የምለው፣ የሱ ጌም ሁሉን ነገር ይመዘግባል። ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ኳስ ያቀበለበት ስንት በመቶ ተሳካ። ሪፕሌዩን ያስቀምጠዋል። ከዓመታት በኋላ ማንም ለቅሶ ቤት ውስጥ "አንተ አይደለህም" አይለውም። የኛው ምንም አልተረፈውም። መብራቱ ሲሄድ አብሮ ሄደ። ምናልባት ለዚያ ነው የጣፈጠን ልል ነበር፣ ማንም የማያጣራው ነገር በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ቅቤ ይጨመርበታል። ግን ይሄ ለሻንበል አይሠራም፣ እሱ ቅቤ አልጨመረም፣ እሱ ያየውን ነው ያወራው። ወይም እሱም ጨምሯል። እንጃ!

ትናንት አንድ ሙከራ አደረግኩ፣ አትሳቁ። ፔስ 6ን ላፕቶፕ ላይ ጫንኩ። ጭንቅላቴ ቢዋሽ እጄ አይዋሽም ብዬ። ኢንተርን ያዝኩ፣ አድሪያኖን ፈለግኩ፣ ኳሷ ደረሰችው፣ መታሁ። ኳሷ ወደ ሰማይ ወጥታ ጠርዝ ላይ አረፈች። ክቧን ነው የተጫንኩት። ፔስ ላይ ሹት ካሬ ነው፣ ክብ ረጅም ኳስ ነው፣ ይሄን ያኔ የተጫወተ ሰው በእንቅልፉም ያውቀዋል። ልቤ ቀጥ አለች። ከዚያ ደግሞ፣ ቆይ፣ ፊፋ ላይ ሹት ክብ ነው፣ እኔ ደግሞ አስር ዓመት ፊፋ ተጫውቻለሁ፣ እጄ የዚያን ለምዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምንም አያረጋግጥም። አርባ ደቂቃ ያህል ተጫወትኩ። ጌሙ ራሱ... ደህና ነው። ይንቀረፈፋል። ደህና ነው።

ሚኪን መጠየቅ እችላለሁ። ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ሱቅ አለው፣ ስልኩ አለኝ። ሁለት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። ሰላም ከተባባልን 11 ዓመት ሆኖናል፣ በዚያ ላይ ጋሼ ማረፋቸውን ይስማ አይስማ አላውቅም። እንዴት አድርጌ ነው "ጋሼ አረፉ፣ በነገራችን ላይ ያቺ ጎል የማን ናት" የምለው?

ግን እኮ ጆይስቲኩ እጄ ላይ ሲነዝር አስታውሳለሁ። ኳሷ ስትወጣ። መዳፌ ላይ፣ እዚህ ጋ። ሻንበል ይሄን ስነግረው ምን አለኝ መሰላችሁ፣ ጋሼ ቶሎ ይበላሻል ብለው ንዝረቱን ሁሌም ያጠፉት ነበር አለኝ። ሁሌም አለ። እኔ እንግዲህ... ነዝሮኝ ነበር።