የጨርቁን ጫፍ ያዝልኝ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከየዩኒቨርሲቲው ፈቃድ አስፈቅዳችሁ የመጣችሁ መምህራን፣ ባለቤቶቻችሁንና ልጆቻችሁን ይዛችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ! ህንድ አገር ፑንጃብ ተምረን የተመለስን ሰዎች በዓመት አንዴ ለምንገናኝበት ለዚህ ቀን እንኳን በሰላም አደረሰን። "ሳት ስሪ አካል" ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ከፊት ወንበር የተቀመጡት የቋንቋ ሰዎች አነጋገሬን ያርሙኛል ብዬ ፈርቼ ተውኩት።

የዘንድሮውን ርዕስ ስንመርጥ ሥራ አስፈጻሚው ውስጥ ክርክር ነበር። ግማሾቻችን ስለ ትምህርት ማስረጃ አቻ ግምት እንወያይ አልን። ሌሎቹ ስለ መዋጮ። ያሸነፈችው ግን አንዲት ወጣት አባላችን ናት። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቿ "መምህርት፣ እዚያ የተማርሽበት አገር ያሉት ጥምጥም የሚያደርጉ ሰዎች ሙስሊም ናቸው ወይስ ሂንዱ?" ብለው ጠየቋት። "ሁለቱም አይደሉም፤ ሲክ ናቸው" አለቻቸው። "ሲክ ምንድን ነው?" ሲሏት፣ አራት ዓመት አብራቸው ኖራ፣ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ የምትለው አጣች። ይህን ስትነግረን ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

ስለዚህ ዛሬ ስለ እነዚያ እኩዮቻችን ላውራ። የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም፤ የተማርኩት የሒሳብ አያያዝ ነው። የማወራው ያየሁትን ነው።

የተማርኩባት የፑንጃብ ከተማ ፓቲያላ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የማደሪያ ክፍሌ በር ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ከጎኔ ያለው ክፍል ልጅ ነው። ጸጉሩን አናቱ ላይ ቋጥሮ በትንሽ ጨርቅ ሸፍኖታል፤ ክንዱ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። "ደህና አደርክ" እንኳ ሳይለኝ አንዱን ጫፍ እጄ ላይ አኖረና "ያዝልኝ" አለኝ፤ ሌላውን ይዞ እየተራመደ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄደ። ጨርቁ አምስት ስድስት ሜትር ይሆናል። "ጎትት!" አለኝ። ጎተትኩ። በቁመቱ አጠፍነው፣ ደግመን አጠፍነው፤ እሱ ጠርዙን በጣቱ እየተከተለ ያቃናል፣ እኔ ወጥሬ እይዛለሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ ጋቢ ስታጥፍ ጫፉን የያዝኩላት ትዝ አለኝ። ከዚያ መስታወት ፊት ቆመና የጨርቁን ጫፍ ጥርሱ ውስጥ ከቶ ይጠመጥም ጀመር። አፉ ተይዟል፤ መናገር ስለማይችል በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ዙሩ ግንባሩ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ እንደ ደረጃ እየተደረደረ ወጣ። አንዱ ዙር ጠመመበት። ሁሉንም ፈታና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ማታ ይፈታል፣ ጠዋት ይጠመጠማል። ፈተና ቢኖርም፣ ቢያተኩሰውም፣ የፓቲያላ የሰኔ ሙቀት ቢያቃጥለውም። ይህን አብሮ ማጠፍ "ፑኒ" ይሉታል፤ ቤት ሲሆኑ እናት ወይም ወንድም ይይዛል። እኔ ሦስት ዓመት ያዝኩ። አንድ ጊዜ በአንድ የማይረባ ነገር ተኳርፈን ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም። በየጠዋቱ ግን በሬ ይንኳኳል፤ ምንም ሳይል ጫፉን ይሰጠኛል፣ ምንም ሳልል እይዛለሁ፣ አጥፈን እንለያያለን። ስሙን አልነግራችሁም፤ ሲንግ ነው ልበላችሁ፤ ግማሹ ግቢ ሲንግ ስለነበረ ማንነቱን አታውቁትም።

ሲንግ ማለት አንበሳ ነው፤ ሴቶቹ ኮር ይባላሉ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1699 አናንድፑር ላይ፣ በቫይሳኪ በዓል ቀን ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ካልነገርኳችሁ በስተቀር፣ ሁሉም የፈረንጅ ናቸው።) አሥረኛው መምህራቸው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ሕዝቡን ሰብስበው "ራሱን የሚሰጠኝ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ፤ ከተለያየ የዘር መደብ አምስት ሰዎች ተነሡ። በሰይፍ የተማሰለ የስኳር ውኃ፣ አምሪት፣ አጠጧቸው፤ ራሳቸውም ከእነሱ እጅ ተቀብለው ጠጡ። የአባት ስም የዘር መደብን በሚናገርበት አገር ለሁሉም አንድ ስም መስጠት ቀላል ነገር አልነበረም። አምሪት የወሰደ ሰው አምስት ነገር ከአካሉ አይለይም፦ ያልተቆረጠ ጸጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ ካራ የሚሉት የብረት አምባር፣ የተለየ የውስጥ ሱሪ፣ ኪርፓን የሚሉት ሰይፍ።

እኛ ሐበሾች አምባሩን ስናይ "እንደ ማተብ ነው" አልን። ሲንግ በትዕግሥት ሰማኝና አንድ ነገር ጨመረልኝ፦ "አንተ ማተብህን ሌላ ሰው ያየዋል። እኔ ካራዬን የማየው እጄን ወደ ሆነ ነገር ስዘረጋ ነው።" ማተብ አንገት ላይ ነው፣ ካራ እጅ ላይ። ይህን ልዩነት እኔ ልብ አላልኩትም ነበር።

ከመካከላችን ዲያቆን የሆነ ጓደኛችን ነበር፤ ዛሬ ስላልመጣ እንደልቤ አማዋለሁ። የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ፣ ጉሩ ግራንት ሳሂብ፣ ከ1708 ጀምሮ ራሱ መምህራቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው መምህር የላቸውም። ማታ ያስተኙታል፣ ጎህ ሲቀድ ያስነሡታል፣ ሲያጓጉዙት በራስ ላይ ይሸከሙታል፤ ሕዝቡም ተነሥቶ እጁን አጋጥሞ ይቆማል። ዲያቆኑ ይህን ዱክ ኒቫራን በሚባለው ጉርድዋራ፣ ማለትም የሲኮች ቤተ ጸሎት፣ ውስጥ መጀመሪያ ሲያይ ክው ብሎ ቀረ። "ታቦት ነው እንዴ የወጣው?" አለኝ በሹክሹክታ። ያው ጉርድዋራ ኩሬ አለው፤ በሽተኛ ይነከርበታል። ጸበል ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

የዚሁ ዲያቆን ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ላንጋር ታስታውሳላችሁ፤ ማንም ገብቶ መሬት ላይ በተርታ ተቀምጦ በነጻ የሚበላበት ማዕድ ነው። አምሪትሳር፣ የሲኮች ዋና መቅደስ በሆነው በወርቃማው ቤተ መቅደስ፣ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይበላል፤ ወጥ ቤቱ ሌት ተቀን አይዘጋም። ሥጋ ስለሌለበት ሙስሊም ወንድሞቻችን "የማን እርድ ነው?" ሳይሉ ይበሉ ነበር። ችግሩ ዐቢይ ጾም ላይ መጣ። ዲያቆኑ ምስር የሚያወጣውን ልጅ "ቅቤ አለው?" ብሎ ጠየቀው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቢሆን ነው። ሙገሳ መስሎት "ንጹሕ የአገር ቤት ቅቤ!" አለ በኩራት። ዲያቆኑ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ልጁ ደነገጠ፤ ባልዲውን አስቀምጦ ወደ ወጥ ቤት ሮጠ። አንዲት እናት መጡ፤ ቅቤ ያልነካው ሮቲ የሚሉት ቂጣ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ይዘው። ሮቲውን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ እዚያ በአንድ እጅ አይቀበሉም፣ ይህም ከእኛ ጋር ያመሳስላቸዋል። እናትዬዋ በልቶ እስኪጨርስ ፊቱ ተቀመጡ። "አምላክህ ቅቤ ይጠላል?" አሉት። "አይ እማማ፣ ቅቤውን የምወደው እኔ ነኝ፤ ለዚያ ነው የምተወው" አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በጣም የገባቸው ይመስላል።

ያ ልጅ ደመወዝ የለውም። ሴዋ ይሉታል። ቅዳሜ ከትምህርት መልስ መጥቶ ምስር ያወጣል፣ ጫማ ያስቀምጣል፣ ሰሃን ያጥባል። የሃይማኖቱ መሥራች ጉሩ ናናክ አስተማሩት ከሚሉት ሦስት ነገር፣ የፈጣሪን ስም ማሰብ፣ በላብ መብላት፣ ያገኙትን ማካፈል፣ የእኛ እኩዮች በቃል ሲከራከሩበት የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ሲሠሯቸው ነው ያየሁት።

ነገር ግን አገር ቤት ስንመለስ እንደምናወራው ሁሉ ማር ብቻ አልነበረም። የሲንግ ታናሽ ወንድም አንድ ቀን ጸጉሩን ተቆርጦ መጣ። ከተማው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፈተና ማሠልጠኛ ማስታወቂያ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ልጁም ካናዳ ሊሄድ እየተሰናዳ ነበር። ጥምጥሙ ቪዛ ይከለክለኛል ብሎ አይደለም፤ "ሰለቸኝ፤ ሲያዩኝ ሲክ ብቻ ነው የሚያዩት" ነው ያለው። እናታቸው ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም። አባትየው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ የልጁን ጥምጥሞች አጥበው፣ አጣጥፈው፣ ሳጥን ውስጥ ከተቱ። እኔ ልጁ ከሃይማኖቱ ወጣ ብዬ ነበር። እሁድ ጠዋት ራሱን በመሐረብ ሸፍኖ ጉርድዋራ ውስጥ ጫማ ሲያስቀምጥ አገኘሁት። ሌላው የክፍላችን ልጅ ደግሞ ፓቲያላ ሳለ በየሳምንቱ ጢሙን የሚላጭ ነበር፤ ካናዳ፣ ብራምፕተን ገብቶ በሁለተኛው ዓመት ጸጉሩን አሳደገ። "እዚህ ካልጠመጠምኩ ማን መሆኔን እኔም እረሳዋለሁ" ብሎ ጻፈልኝ። በእኔ ሚዛን ከሁለቱ የትኛው የበለጠ ሲክ እንደሆነ አላውቅም። ሲንግ ያውቃል፤ እሱ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አይወድም።

ውጭ አገር ጥምጥም ዋጋ ያስከፍላል። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ጥምጥም ያደረገ ልጅ አልቀበልም ብሎ ነገሩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ በ1983 ለልጁ ተፈረደለት። አሜሪካ ውስጥ፣ በ2001 ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት አራት ቀን በኋላ፣ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የሚባሉ ሰው በአሪዞናዋ ሜሳ ከተማ በገዛ ነዳጅ ማደያቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ገዳዩ በጥምጥማቸው ሙስሊም መስለውት ነበር። ሙስሊም ቢሆኑስ መገደል ነበረባቸው ወይ? ወጣቶቹ ሲኮች ራሳቸው ሲጨቃጨቁበት የሰማሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ "እኛ ሙስሊም አይደለንም" ብለን እንጩኽ ወይስ እንዲህ ማለት ጎረቤትን አሳልፎ መስጠት ነው?

ይህ ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ የገባኝ በታኅሣሥ ብርድ ነው። በእነሱ ዲሴምበር መጨረሻ፣ ጉም ሦስት ሜትር ፊት በማያሳይበት ሰሞን፣ ወደ ፋቴህጋር ሳሂብ በሚወስደው መንገድ ላይ ወጣቶች አውቶቡስ ያስቆማሉ። መጀመሪያ ቀን ሽፍታ መስሎኝ ነበር! ትኩስ ሻይ በመስኮት አቀበሉን። የጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ሁለት ትንንሽ ልጆች ሃይማኖታችሁን ለውጡ ተብለው እምቢ ስላሉ በግንብ ውስጥ የታነጹበት መታሰቢያ ነው። በዚያ ሰሞን ብዙ ቤተሰብ መሬት ላይ ይተኛል። ታሪኩን ሲነግሩህ ግን የማሌርኮትላውን ሙስሊም ገዢ ሳያነሡ አይጨርሱም፤ ልጆቹ አይገደሉ ብሎ በአደባባይ የተቃወመ እሱ ነበር። እኛ ነጃሺን እንደምናነሣው ነው የሚያነሡት። በ1947 ፑንጃብ ለሁለት ተከፍላ ደም ሲፈስ ማሌርኮትላ ተረፈች፤ ሰዎቹም በዚያ ውለታ ነው ይላሉ።

ስለ 1984 ብዙ አልልም። ወርቃማው ቤተ መቅደስ በህንድ ጦር ሠራዊት ተመታ፤ በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቻቸው ሲገደሉ ዴልሂ ውስጥ ብቻ በመንግሥት ቁጥር 2,733 ሲኮች ተጨፈጨፉ። የሲንግ ቤት ግድግዳ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ነበር። "አጎቴ ነው" አለኝ፣ እናቱ ወዲያው ሻይ አመጡ፣ ወሬው ተቀየረ። እኛ ቤትም በቀይ ሽብር ያለቀ አጎት ፎቶ አለ። ሻይ ሲመጣ አልጠየቅኩም።

አንድ ቅሬታም አለኝ፤ ለእነሱም ነግሬያቸዋለሁ። ላንጋር ላይ ጉልበት ለጉልበት የተቀመጡ ልጆች ጋብቻ ሲመጣ "ጃት ነው? ማዝሃቢ ነው?" እያሉ የዘር መደብ ይጠይቃሉ። በየመንደሩ የዘር መደብ የለየው ጉርድዋራና የአስከሬን ማቃጠያ ቦታ አለ። አንዲት ጥምጥም የምታደርግ ኮር፣ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ተማሪ፣ እንዲያውም ከእኔ ብሳ "ናናክ ነገሥታት የሚወለዱባትን ሴት እንዴት ታቃልላላችሁ ብለው፣ አምሪትሳር መቅደሱ ውስጥ ሴት መዝሙር አትዘምርም!" ትላለች። እኔ ግን ስፈርድ ምላሴ ያዘኝ። "አንተስ ከየት ነህ?" ብለው ቢመልሱልኝ፣ እዚህ አገር ያ ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሌላው፣ ሲኮችና እኛ የተዋወቅነው በስኮላርሺፕ እንዳይመስላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ የህንድ ወታደሮች ውስጥ ሲኮች ነበሩ። ኬረን ላይ የወደቁት ሲኮችና ሂንዱዎች እንደ ሥርዓታቸው ተቃጥለው መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

አሁን ወደ ሥራችን። በዚህ ዓመት ወደ ፑንጃብ የሚሄዱ ሁለት ልጆች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ተነሡ እስቲ፣ እንያችሁ። ጠዋት በራችሁ ሲንኳኳ ክፈቱ። ቀጥሎ ገንዘብ ያዣችን ሪፖርቱን ያቀርባል፤ መዋጮ ያልከፈላችሁ ስማችሁ ይነበባል፤ ከዚያ ምሳ ነው። ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ወንበር የሚያስፈልገው ሽማግሌ ብቻ ነው። ምስሩ ቅቤ የለውም፤ እኔ ራሴ ወጥ ቤት ገብቼ አይቻለሁ።